በሰጎን ቁመት የተሠራችው ብስክሌት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። ወሬ ያለው ወሬውን ያቁም፣ እንቅልፍ የያዘው ፊቱን ይታጠብ። ነገሩ የሆነው ዱሮ ነው፤ ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ አራዊትም ብስክሌት በሚነዱበት ዘመን።

በዚያ ዘመን አንድ ደረቅ አገር ነበረ። በአገሩ መሃል ቀድሞ ሐይቅ የነበረ፣ ኋላ ግን ውሃው ደርቆ ግርጌው ብቻ የቀረ ክብ ሜዳ አለ። ዙሪያው እንደ ሳህን ዳር ከፍ ያለ፣ አፈሩም እንደ ሸክላ የጠነከረ ነው። ከሜዳው ማዶ አንዲት ምንጭ አለች። ምንጯ በጋ ሲገባ ትመነምናለች፤ ለሁሉም አትበቃም። አራዊቱ በውሃ ምክንያት እንዳይተላለቁ ብለው ተመካክረው ሕግ አወጡ። ክረምት በወጣ ቁጥር ከየቤቱ አንድ ጋላቢ ይመጣና በሳህኑ ዙሪያ በብስክሌት ይሽቀዳደማል። የቀደመው ቤት በጋውን ሙሉ ፊተኛ ሆኖ ይጠጣል። መጨረሻ የወጣው ቤት፣ ብስክሌት የሌለው ቤትም ጭምር፣ ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ ጭቃውን ይልሳል።

የዚህ ውድድር ብስክሌት እንደ መንገድ ብስክሌት አይደለም። ፍሬን የለውም። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ ታስሯል፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል፣ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። መቆም የፈለገ ፔዳሉን በእግሩ ወደ ኋላ እየገፋ፣ ከጎማው ጋር እየታገለ ነው የሚቆመው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ሳህን ውስጥ አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይከመርበታል።

በአገሩ እመት ጦጢት የምትባል ባሏ የሞተባት ጦጣ ትኖር ነበር። ብስክሌት አልነበራትም፤ ስለዚህ ቤቷ ሁልጊዜ ጭቃ ላሽ ነው። ባለፈው በጋ ትንሹ ልጇ ጭቃ ሲልስ ከርሞ ሆዱን አመመውና ሞተ። አሁን የቀረቻት ስመኝ የምትባል ሴት ልጇ ብቻ ናት። ስመኝ ገና ለጋ ናት፤ ግን እግሯ ብርቱ ነው፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ ዓይን አይከተላትም። አንድ ቀን ከወንድሟ መቃብር ሲመለሱ፣ ዘንድሮ እኔ ልወዳደር አለቻት። እመት ጦጢት ዞራ መቃብሩን አየች። ከዚያ እሺ አለች።

ነብርና ዝንጀሮ ብስክሌታቸውን ከሩቅ አገር ተሠርቶ አልቆ ያስመጣሉ። እመት ጦጢት እንዲያ ያለ አቅም የላትም። እዚህም እዚያም የተጣለውን ለቃቅማ ማገጣጠም ነው ያላት አማራጭ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አያ ጃርት ዘንድ ሄደች። አያ ጃርት ብረት ቀጥቃጭና በያጅ ነው፤ ከጎጆው ጀርባ አሮጌ ብረት ተከምሯል።

ከክምሩ ውስጥ ሁለት ቴላዮ አገኘች፤ ቴላዮ ማለት ጎማም ኮርቻም ሳይገባለት ባዶውን ያለ የብስክሌት አካል ነው። አንዱ አጭርና ዝገታም፣ ቀድሞ የሚዳቋ የነበረ። ሌላው ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቀላል፣ ቀድሞ የሰጎን የነበረ። አያ ጃርት ለሁለቱም የጠየቃት ዋጋ አንድ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በእሾሁ መሃል የተሰገሰገውን መዥገር እንድትለቅምለት። ከዚያ እንዴት እንደሚለካ ነገራት። ልጅቷ ብረቱን በእግሮቿ መሃል አድርጋ ትቁም፤ ብረቱ ሳይነካት መሬት ከረገጠች ይሆናታል። ኮርቻው ላይ ስትወጣ ደግሞ እግሯ ከፔዳሉ ጋር ታች ሲደርስ ጉልበቷ ትንሽ እጥፍ ይበል፤ ተንጠራርታ መድረስ የለባትም።

ስመኝ የሚዳቋዋን ቴላዮ በእግሯ መሃል አድርጋ ቆመች፤ ልክ ሆነላት። የሰጎኑን ስትሞክር ግን ብረቱ ሆዷ ላይ ደረሰ፣ እግሯም ከመሬት ተነሣ።

እመት ጦጢት ሁለቱን አየች፤ ልጇንም አየች። ይህቺ ልጅ በየወሩ ትመዘዛለች፤ የሚዳቋዋ በዓመቱ ታጥርባታለች፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ የመሥራት ጉልበት የለኝም ብላ አሰበች። የሰጎኑን አነሣችው።

ያን ጊዜ ረጅሙ ቴላዮ አፉን ከፈተ።

“እመት፣ እኔ የተበየድኩት ለሰጎን እግር ነው።”

“ታድግበታለች” አለችው እመት ጦጢት።

አያ ጃርት ሊናገር አፉን አላወሰ። ነገር ግን ጀርባውን መዥገር ክፉኛ እየበላው ነበር፤ እሷም መልቀም ጀምራ ነበር። ጀርባውን አመቻቸላት።

ክረምቱን መዥገር ስትለቅም ከረመች። እሾሁ እጇን እየወጋው መዳፏ ቆሳሰለ። መዥገሩን እየለቀመችም ለጎማ ወደ ከርከሮ ሄደች። ከርከሮ ሁለት የተጣመሙ ጎማዎች ነበሩት፤ በምትኩ ሥር ቆፍሪልኝ አላት። ጥፍሮቿ እስኪነቀሉ ቆፈረች። ጎማዎቹን እንደ ሸክም አዝላ ስትመጣ፣ አንደኛው ጎማ ጀርባዋ ላይ ሆኖ እኛ ለማን ነው የምንዞረው ብሎ ጠየቃት። ለልጄ አለችው።

ከሁሉ የከፋው ሰንሰለቱ ነበር። ሰንሰለት ያለው አያ ጅቦ ብቻ ነው፤ የዋሻውን በር ያስርበታል። ሰንሰለቴን ልስጥሽ፣ አንቺ ደግሞ የምታድሪበትን ዋርካ ልቀቂልኝ፤ ልጆቼ ጥላ አጥተዋል አላት። ያ ዋርካ እናቷም አያቷም የወለዱበት ነበር። እመት ጦጢት ለቀቀች። ከልጇ ጋር ከአንድ ቋጥኝ ሥር ገቡ፤ ቀን ቋጥኙ ይግላል፣ ማታ ይበርዳል። ስመኝ የእናቷን እጅ ይዛ የተነቀሉትን ጥፍሮች አንድ በአንድ ታይ ነበር።

በመጨረሻ አያ ጃርት ጎማዎቹን አቃንቶ፣ ፔዳል፣ መሪና ኮርቻ ከክምሩ ጨምሮ ብስክሌቱን ገጣጠመው። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው፤ ስመኝ ወጣችበት፤ ጣቶቿ ብቻ ናቸው ፔዳሉ ጋ የደረሱት።

“እመት፣ እግሯ አልደረሰም” አለ ቴላዮው።

“እንጨት ይጨመርበታል” አለች እናትየው።

አያ ጃርት ቁራጭ እንጨት ጠርቦ በሁለቱም ፔዳሎች ላይ አሰረ፤ እግሯ እንዳይንሸራተትም በጠፍር ከእንጨቱ ጋር አጠበቀው። አሁን እግሯ ደረሰ፤ እጇ ግን መሪው ጋ ለመድረስ ወገቧ እስኪሰነጠቅ ተዘረጋ።

“እመት፣ ወገቧን ተመልከቺው” አለ ቴላዮው ለሦስተኛ ጊዜ።

እመት ጦጢት ያን ጊዜ ተቆጣች። አንተ ብረት ነህ፣ ያለፍኩበትን አላለፍክበትም አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ “ስመኝ፣ ተመቸሽ?” አለቻት።

“ተመችቶኛል እማዬ።”

ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ክረምቱ ወጣ፣ የውድድሩ ቀን ደረሰ። አራዊቱ በሳህኑ ከንፈር ላይ ተሰበሰቡ። ጋላቢዎቹ ተሰለፉ፤ የነብር ልጅ፣ የዝንጀሮ ልጅ፣ የጅብ ልጅ፣ የከርከሮ ልጅ፣ በዳር ደግሞ በዚያ ረጅም ብረት ላይ የተንጠለጠለችው ስመኝ። አንዳንዱ አይቷት ሳቀ። እመት ጦጢት ሳቁን አልሰማችም፤ የምታየው የልጇን እግር ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ስመኝ ኋላ ቀረች። በሁለተኛው ዙር ብረቱ ፍጥነት ያዘ፤ ከርከሮንና ጅብን አለፈቻቸው። በሦስተኛው ዙር ከዝንጀሮ ልጅ ኋላ ገባች። የነብር ልጅ ብቻ ነበር ከሁለቱ ፊት። እናትየው ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ምንጯ ታየቻት፤ ልጇ ጎንበስ ብላ ንጹሕ ውሃ ስትጠጣ ታየቻት።

ያን ጊዜ የዝንጀሮው ልጅ ጎማ አዳለጠውና ተንገዳገደ። ከኋላው ያሉት ሁሉ ፔዳላቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ፍጥነታቸውን አበረዱ። ስመኝም ገፋች። ነገር ግን ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሯ አጠረ፤ ሙሉ ኃይሏ አልደረሰም። ሁለተኛ ገፋች፤ እንጨቱ ከእግሯ ሥር ዞረ። ጎማው አልቆመም። ጎማው ካልቆመ ፔዳሉ አይቆምም፤ ፔዳሉ ካልቆመ በጠፍር የታሰረው እግር አይቆምም። እግሯ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። የአጥንቱ ድምፅ ሳህኑን ዞረ። ከዚያ እሷም ብረቱም ከከንፈሩ እስከ ግርጌው እየተንከባለሉ ወረዱ።

ሌሎቹ ዙራቸውን ጨረሱ፤ የነብር ቤት ቀደመ። አራዊቱ ጥቂት ቆመው አዩአት፣ ከንፈር መጠጡ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ያ በጋ ከበጋዎች ሁሉ የከፋ ነበር። ስመኝ ከቋጥኙ ሥር ተኛች። እናቷ ጭቃውን በቅጠል እያጠለለች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣት ነበር። እግሯ ሲድን አጥሮና ተጣሞ ዳነ። ከዚያም በኋላ ብዙ ቁመት አልጨመረችም፤ ያች በየወሩ ትመዘዝ የነበረች ልጅ እንደዚያው ቀረች።

አንድ ማለዳ እመት ጦጢት ድንጋይ አንሥታ፣ ከቋጥኙ ጀርባ ወደ ተጣለው ብስክሌት ሄደች። ቴላዮውን መታችው፤ ደገመችው፤ እስኪደክማት ቀጠቀጠችው። ሲደክማት አጠገቡ ተቀመጠች።

“ምነው ያኔ ጮኸህ ብትነግረኝ” አለችው።

“ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ” አለ ቴላዮው። “አላዳመጥሽኝም፤ ስለዚህ ለስመኝ ልነግራት ሞከርኩ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር።”

“ምን አለችህ?”

“‘እባክህ ዝም በል፤ እማዬ በጣም ደክማለች’ አለችኝ።”

ድንጋዩ ከእመት ጦጢት እጅ ወደቀ። ከዚያ እስከ ቀትር ከዚያ ቦታ አልተነሣችም። ፀሐይ ሲበረታባት ተነሥታ ወደ ልጇ ገባች፤ አጠገቧም ተንበረከከች። ስመኝ አቀርቅራ እግሯን ታሻለች።

“ልጄ፣ አልተመቸሽም ነበር እንዴ?”

ስመኝ ቀና ብላ አየቻት። “ዋርካችንን ሰጥተሽበት ነበር፤ ምን ልበልሽ እማዬ?” አለቻት። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ ለእናትየው ግን ከቁጣ የባሰ ሆነባት።

በማግስቱ እመት ጦጢት ብስክሌቱን ተሸክማ ወደ አያ ጃርት ሄደች። አያ ጃርት ከሩቅ ሲያያት ሥራውን አቆመ፤ የምታወርደውም እርግማን እንዳለ ጠበቀ። እሷ ግን ብስክሌቱን ከፊቱ አስቀመጠችለት። የተናገረው ቴላዮው ነው፤ ቁረጡኝ አለ። አያ ጃርት ብረቱ እንደሚያመው ነገረው። ይመመኝ አለ ቴላዮው።

በዚህ ጊዜ እናትየው ወደ ቋጥኙ ተመልሳ ልጇን ራሷ ለካች። የግራር ልጥ ይዛ ከተረከዝ እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ጣት፣ ጤነኛውን እግር ለብቻ፣ የተጎዳውን እግር ለብቻ ለካች። ስትለካም እየጠየቀች ነው፤ እዚህ ያምሻል ወይ፣ እዚህስ ያጥብሻል ወይ ትላለች። ስመኝ መጀመሪያ ደህና ነው፣ ደህና ነው አለች። ኋላ ግን አለቀሰች፤ እያለቀሰች የሚያማትን ሁሉ ተናገረች። አያ ጃርት ረጅሙን ብረት ቆርጦ አሳጥሮ በየደው፤ በተጎዳው እግር በኩል ያለውንም የፔዳል ክንድ አሳጠረው። ዋጋ አልጠየቀም፤ ብትሰጠውም አይቀበልም ነበር።

ብስክሌቱ የሚያምር አልነበረም፤ ብየዳው እንደ ጠባሳ ያበጠ ነው። ስመኝ ግን ስትወጣበት እግሯ ደረሰ፣ ወገቧም አልተዘረጋም። ብስክሌቱ ለውድድር እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም በእግሯ ብዙ መሄድ ለማትችል ልጅ አገር ያሻግራል። ሁለቱ ያን ደረቅ አገር ትተው ወጡ፤ ልጅቷ እየነዳች፣ እናትየው ኮርቻውን ይዛ ከጎኗ እየተራመደች። ዳገት ሲሆን ያርፋሉ፣ ቁልቁለት ሲሆን ፍሬን የለውምና ስመኝ ትወርድና ሁለቱ ይዘውት ይሄዳሉ። ብዙ ተንገላተው ወንዝ ያለበት አገር ደረሱ። ስመኝ እዚያ ኖረች፤ ውሃም አልጠፋባትም። እርጅና እስኪመጣባት ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ያ እግሯ ያማት ነበር፤ እናቷም በሕይወት ሳለች የልጇን ማቃሰት እየሰማች ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋ ነበር።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አያ ጃርት ጋላቢው ራሱ ካልመጣ ብረት አይነካም ይባላል። ወላጅ ከመጣ ወላጁን ከጎጆው ውጭ ያስቀምጠዋል። ጋላቢውን ለብቻው ያስገባና ተመቸህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጋላቢው ቶሎ ብሎ ተመችቶኛል ካለ፣ እንደገና ከእግሩ ይጀምርና ይለካዋል።

ልጆቼ፣ የሚወደን ሁሉ ልካችንን ያውቃል ማለት አይደለም። ልጅ የሚለካው ነገ ይሆናል ተብሎ በታሰበው ሳይሆን ዛሬ በቆመበት ቁመት ነው። የሚለካው ልጅም፣ ያመመውን ቢናገር እናቱን የሚያሳዝን ቢመስለው እንኳ፣ መናገር ይገባዋል።

ተረቴን እዚህ ላይ አወረድኩት፤ እናንተ ተሸክማችሁት ግቡ።