የአንድ ጉንጭ ውሃ መግቢያ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ፤ እኔ እንኳ መግቢያ አላስከፍልም።

አያ ጃርት፣ እንስሳት ሁሉ በሚዝናኑበት የአበባ ቦታ ዘበኛ ነበር። መግቢያው አንድ ጉንጭ ውሃ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ከዳገቱ ሥር ካለው ወንዝ በአፉ ይዞ ይመጣና አበባው ላይ ተፍቶ ይገባል። ጃርት በዚህ ደንብ ቀልድ አያውቅም፤ በበጋ አበባው ሌላ የሚጠጣው የለውማ።

አህያ ግን ዳገቱን ሲወጣ ይጠማውና መግቢያውን መንገድ ላይ ይውጠዋል።

«አያ ጃርት፣ ዛሬም ዋጥኩት። እንዲሁ አስገባኝ» ይላል በየቀኑ።

«አንተን እንዲሁ ካስገባሁ ነገ ሁሉም እየዋጠ ይመጣል» ይለዋል ጃርት፣ እሾሁን አቁሞ።

አህያ አይቀየምም። ደጁ ላይ ቆሞ ወጪ ወራጁን ሰላም ሲል ይውላል፤ ፋንድያውንም እዚያው ይጥላል። ከውስጥ የሚወጡት ደግሞ ጠጉራቸው ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዘር እዚያው ያራግፋሉ።

በጋው አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የውስጡ አበባ እየጠጣም ከሳ፤ አፈሩ ደክሞ ነበር። ደጁ ግን አህያ የቆመበት ሁሉ አበባ በአበባ ሆነ፤ እንግዶችም በሩን ማለፍ ትተው እዚያው ተንጋለሉ።

ጃርት ባዶውን በር ይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ዳገቱንም እያለከለከ ወጥቶ፣ ጉንጩን እንደነፋ አህያ ፊት ቆመ። አፉ ሞልቷልና መናገር አልቻለም።

«አያ ጃርት» አለው አህያ፣ «ዳገቱን አውቀዋለሁ። ዋጠውና ግባ።»