ፍሬኑን በውሃ ልክ ያስተካከለው ግንበኛ

አንድ ግንበኛ ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ስንሻው፤ «ወንድሜ እኔ ካልሄድኩ አይመጣም፣ እንግዲህ እኔም ልቅር ወይ?» ነው ያልከኝ። ዝናቡ እስኪያባራ መልሱን ከዚህ ግንበኛ እንስማው፤ ከኔ ይልቅ እሱ አልቅሶ ያወቀው ነገር ነው።

ሰውየው በከተማው የታወቀ እጀ ወርቅ ነበር። እሱ የሠራው ግድግዳ አይዘምም። ውሃ ልኩን ከእጁ አይለይም፤ ድንጋይ ባስቀመጠ ቁጥር ይጭንበታል፣ ውስጧ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ካልቆመች አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ለግድግዳ መልካም ነው። ችግሩ፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ውሃ ልኩን ከመሣሪያዎቹ ጋር አይተወውም፤ በልቡ ይዞት ይገባል። ጎረቤት ታሞ ከጠየቀ፣ እሱን ትኩሳት የያዘው ቀን ያ ጎረቤት መምጣቱን ይጠብቃል። ካልመጣ በቃ፣ ደጁን አይረግጥም። ማን ለቅሶ እንደደረሰው፣ ማን በሠርጉ እንደቀረበት አይረሳም። ሲቆጣ እንኳ አይጮህም፤ ዝም ብሎ አንድ ሰው ይቀንሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ሰው እኮ እያለቀብን ነው» ትለው ነበር። እሷም ሞተች፤ ልጆቹም አግብተው ራቅ ወዳለ አገር ሄዱ፤ ቤቱ ኦና ሆነ።

የቀረው አንድ ወዳጅ ብቻ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማ የሚኖር ልብስ ሰፊ። አብረው ነው ያደጉት። ግንበኛው በጎልማሳነቱ ከርብራብ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጊዜ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሐኪም ቤት ወለል ላይ እየተኛ ያስታመመው ይህ ሰው ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ለጥየቃ እግሩ ሰነፍ ነው። ግንበኛው ሲሄድ ይቀበላል፣ ያበላል፣ አላስኬድህም ብሎ ያሳድራል። መምጣቱ ላይ ግን የለበትም። አንድ የፋሲካ ማግስት ግንበኛው ከዚያ ሲመለስ «ከእንግዲህ ተራው የሱ ነው» አለና ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። በየበዓሉ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥጋ ይገዛል፣ ሁለት ሳህን ያቀርባል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። ማንም አይመጣም። ብቻውን መብላት ይጀምርና ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ከልቡ ይናፍቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ «ጌታዬ፣ ሰው አታሳጣኝ» ይላል፤ ተራ መቁጠሩን ግን አልተወም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ይኼ ነው።

ብቸኝነቱ ሲብስበት ጓሮው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን አሮጌ መኪናውን ለማደስ ተነሳ። መኪና ብርቅ በነበረ ዘመን የገዛት ናት፤ ሚስቱን ፊት፣ ልጆቹን ኋላ አድርጎ የዞረባት። ዝገቷን ፋቀ፣ ቀለም ቀባት፣ ሞተሯን አስነሳ። የመቀመጫዋን ልብስ እንኳ፣ ሰፊ ወዳጅ እያለው፣ ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ አሰፋ። ሁሉም ሲያልቅ አንድ ነገር ዓይኑን ወጋው። የፍሬኑ ፔዳል፣ ማርሽ ሲቀየር ከሚረገጠው ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ውሃ ልኩን አምጥቶ በሁለቱ ላይ አጋደመው። አረፋዋ ወደ ፍሪሲዮኑ ሸሸች።

«እንዲህማ አይሆንም» አለ። መኪናዋን ያን ሁሉ ዘመን እንደዚያው ሆና እንደነዳት አላስታወሰም። ከመሪው ሥር ተጋድሞ፣ ፍሬኑን የሚገፋውን ዘንግ በቁልፍ እያዞረ አስረዘመው። ፔዳሉ ቀስ በቀስ ከፍ አለ፣ አረፋዋም መሃል ላይ ቆመች። በዚያ ቤት እኩል ጎን ለጎን የሆነ ነገር ከጠፋ ሰንብቷልና ደስ ብሎት ደጋግሞ አያቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት የማዶ ሴት ገበያ ላይ አገኘችው። «ወዳጅዎ እኮ ከቤት ከዋሉ ሰነበቱ፤ አልሰሙም?» አለችው። ክው አለ። ቤቱ ገብቶ ተንቆራጠጠ። ልሂድ ቢል ተራው የሱ አይደለም፤ ልቅር ቢል ሆዱ አልቻለም። በመጨረሻ «መኪናዋን ረጅም መንገድ ልሞክራት» ብሎ ወጣ። ሰው ኩራቱን ሳይጥል የሚሄድበት ሰበብ አያጣም።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን እየያዘ እየለቀቀ ወረደ። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር መኪናዋ ከበደችው። ነዳጅ ቢሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። የተቃጠለ ነገር ሸተተው። የወዳጁ ከተማ ጣሪያዎች ከላይ እየታዩት መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ወርዶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቀ፤ ጎማውን መሃሉ ላይ በእጁ ቢነካው ፈጀው። ፍሬኑ ይዟል። እግሩ ግን ፍሬኑ ላይ አልነበረም። ማንም ሳይረግጠው፣ በራሱ ጊዜ፣ ጎማዎቹን ጨምድዶ ይዟል።

በመንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። በሐሳቡ ማንን ለእርዳታ ልጥራ ብሎ ቢያስብ፣ አፉ ላይ የመጣለት የልብስ ሰፊው ስም ብቻ ነበር። ከመሪው ሥር ገባና ፍሪሲዮኑን በእጁ ጫን አደረገው፤ ከመያዙ በፊት ጥቂት ባዶውን ሄደ። ፍሬኑን ጫነው፤ ምንም ባዶ የለውም፣ ከጅምሩ ድርቅ ያለ ነው። ያቺን ትንሽ ባዶ የወሰደበት ራሱ ነው። ዝቅ ማለቱ ጉድለት መስሎት ነበር፤ ፍሬኑ ግን ከያዘ በኋላ ለመልቀቅ ያቺ ባዶ ታስፈልገው ኖሯል። ዘንጉን መልሶ አሳጠረው። ፔዳሉ ወደ ጥንት ቦታው ሲወርድ ጎማዎቹ ለቀቁ፣ መኪናዋም ወደ ኋላ ብላ ድንጋዩን ተደገፈች። ውሃ ልኩ መቀመጫው ላይ ነበር፤ አላነሳውም።

ልብስ ሰፊውን በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘው። እግሮቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል፣ አጠገቡ ክራንች ቆሟል። ግንበኛውን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም።

«ተራው የኔ ነበር፣ አውቃለሁ» አለው። «እግሬ ከከዳኝ ከረመ። ልልክብህ አስብና፣ እሱ ስንቴ መጥቶ እኔ ሳልሄድ፣ ደግሞ በምን አፌ ና እለዋለሁ? ብዬ አፍራለሁ።»

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ አንገቱን አቅፎት አለቀሰ። ለካ ቆጠራውን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ አንዱ እየጠበቀ ሌላው እያፈረ፣ ያን ሁሉ በዓል ሁለቱም ብቻቸውን በልተዋል። ከዚያ ወዲያ ግንበኛው ሳይቆጥር ይመላለስ ጀመር። ግን ክረምቱ ሳይወጣ ልብስ ሰፊው ሞተ። ግንበኛው መቃብሩ ላይ ያለቀሰው ስለ ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም በሕይወት እያሉ ስለጠፋው ጊዜ ነው።

እንግዲህ ስንሻው፣ አንተና ወንድምህ እነዚያ ሁለት ፔዳሎች ናችሁ። ከፍ ብለህ የምትገኘው አንተ ነህ፤ ቀድመህ ትሄዳለህ፣ ቀድመህ ትጠይቃለህ። እሱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እኩል ካልሆንን ብለህ ያቺን ትንሽ ባዶ ከወሰድክበት፣ ማንም ሳይረግጣችሁ ተያይዛችሁ ዳገት ላይ ትቀራላችሁ። ፍሬንን በተቀመጠበት ከፍታ አትለካው፤ በረገጥከው ሰዓት መያዙን እይ። ቤትህ በእሳት የተያያዘ ለት ሊያጠፋ ጣሪያው ላይ የወጣው ማን እንደነበር አንተ ታውቃለህ። ለምን እንደማይመጣ ግን እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ምናልባት እሱም በረንዳ ላይ ተቀምጦ እያፈረ ይሆናል። ዝናቡ አባርቷል፣ ተነስና ሂድ።