ነቅቶ የተኛው ተሳፋሪ

ታከለ የሚባል ሰው መምሬ ላቀው ቤት መጥቶ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ከጎረቤቱ ከወይዘሮ አንቺናሉ ጋር በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ምክንያት ሲካሰሱ ቆይተዋል። መተላለፊያዋ ከወይዘሮ አንቺናሉ ደጅ ተነሥታ፣ በታከለ ግቢ ጥግ አልፋ፣ ወደ ዋናው መንገድ ትወጣለች። ፍርድ ቤት መሬቱ የታከለ ነው ብሎ ፈርዷል። የአጥሩ ቆርቆሮም ተገዝቶ ደጁ ላይ ተደርድሯል።

«መምሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ በክፉ ዐይን እያየኝ ነው» አለ ታከለ። «እኔ የማንንም አልነካሁም። የራሴን መሬት ባጥር ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?»

መምሬ ላቀው እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም እንዳንተው የማንንም የማይነካ።

ነጋዴ ነው። ሠርቶ የሚያድር፣ ግብሩን የሚከፍል፣ ዕድሩ ላይ የማይቀር ሰው ነበር። አንድ ቀን ለሥራው ከአገሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ ነበረበትና በአውሮፕላን ተሳፈረ። የተሳፈረው ብዙው ሰው በሚሳፈርበት በኢኮኖሚው ክፍል ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ ነበር፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ወንበር፣ በመካከሉ መተላለፊያ። ሰውየው ቁመተ ረጅም ስለሆነ በመተላለፊያው በኩል ያለው ወንበር እንዲሰጠው አስቀድሞ ጠይቆ አግኝቷል። እንዲያም ሆኖ ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይገፋል፤ ክርኑንም የሚያሳርፍበት አጥቶ ደረቱ ላይ አጣጥፎታል።

ከጎኑ በመስኮቱ በኩል አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ገና ቀበቶውን ሳያስር ወደ እሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ላስቸግርዎት ነው» አለችው። «አባቴን ከሆስፒታል አውጥቼ ወደ ቤት እየወሰድኩት ነው። ትኬት የቆረጥነው በመጨረሻ ሰዓት ስለሆነ ለየብቻ አስቀመጡን። እሱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው ያለው። ቦታ ቢለዋወጡልን አብሬው እሆን ነበር።»

ሰውየው ዞሮ አየ። በመጨረሻው ረድፍ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መስኮቱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት አንድ እግሩ በጄሶ ታስሯል፤ ማጠፍ ስለማይችል ወደ መተላለፊያው ዘርግቶታል። ሰውየው ከዚያ ጄሶ ኋላ ተሸጉጦ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ ታየው።

«እህቴ፣ እኔም ይቺን ወንበር የጠየቅሁት ለእግሬ ብዬ ነው» አላት። «እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ማሰብ ነበር።»

«እውነትዎን ነው» አለች።

አስተናጋጇ ንግግራቸውን ሰምታ ኖሮ «ጌታዬ፣ ግዴታ የለብዎትም» አለችው። ለልጅቷም የቀበቶው መብራት ሲጠፋ እየተነሣች አባቷን ማየት እንደምትችል ነገረቻት። በሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ተነሣ።

ታከለ፣ እስከዚህ ድረስ በሰውየው ላይ የምፈርድበት ነገር የለኝም። ወንበሩ የእሱ ነበር።

ሰማይ ላይ ወጥተው አውሮፕላኑ ቀጥ ሲል የቀበቶው መብራት ጠፋ። ልጅቷ አስፈቀደችው፤ ተነሥቶ አሳለፋት። ሄዳ የአባቷን ጋቢ ትከሻቸው ላይ አስተካከለች፤ ውኃ አጠጣቻቸው፤ ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ስትመለስ ሰውየው ዳግመኛ ተነሣላት። በዚህ ጊዜ ግን የተነሣው በረጅሙ እየተነፈሰ ነው።

«እንግዲህ እኔ ትንሽ ልተኛ ነው» አላት።

«ይተኙ ግድ የለም» አለች። «ቆይቼ አንዴ ብቻ ነው የማየው። እመለሳለሁ ብዬዋለሁ።»

እውነትም እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ምን ያህል እንደተኛ አላወቀም። ዐይኑን ግን አልገለጠም። እግሩ ወደ መተላለፊያው ተዘርግቷል፤ ጎኑም ሞቆታል። ከፊት ሕፃን ያለቅሳል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል።

«ወንድሜ» አለችው ልጅቷ።

ሰማት። ጥርት አድርጎ ነው የሰማት። በልቡም እንዲህ አሰበ፦ አሁን ብነሣ ስትመለስ ደግሞ ልነሣ ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አላገኝም። አባቷን እንደሆነ ቅድም አይታቸዋለች፤ ደኅና ናቸው። ሌላ ሴት ብትሆን መቼስ ዝም ብላ ትተወኝ ነበር።

«ወንድሜ?» አለች ደግማ፤ የኮቱን እጅጌም በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

ሰውየው እንደ ተኛ ሰው ትንፋሹን አረዘመ።

እጇን መለሰች። ከዚያ በኋላ አልጠራችውም። ሰውየውም ደስ አለው። ይህን አትርሳብኝ ታከለ፤ ደስ አለው።

የሚያርፉበት ከተማ ሰማዩ በጉም ተሸፍኖ ስለነበረ አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ ሲዞር ቆየ። የቀበቶው መብራት በራ፤ ማንም ከወንበሩ እንዳይነሣ ተነገረ። ጉሙ እስኪገልጥ ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ መንኮራኩሩ መሬት ነካ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ አውሮፕላኑ ገና ሳይቆም ተግተልትሎ ተነሣ። ሰውየውም ተነሥቶ ዐይኑን አሻሸ፤ ተንጠራራ፤ ቦርሳውን ከላይ አወረደ።

«አባባ፣ ደርሰናል» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ባለ ጄሶው ወጣት ነው። «አባባ፣ ይነሡ እንጂ።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «አባባ! ኧረ ሰው! ኧረ ሰው ጥሩልኝ!»

አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

«አሳልፉኝ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። ሰዉ በቦርሳና በሻንጣ ተጣቦ ቆሟል። ሰውየው ከሁሉ ቀድሞ ዞር አለላት፤ እሷም በሰው መካከል እየተጋፋች ወደ ኋላ ሮጠች። ጩኸቷን ሁሉም ሰማ። ያን ጩኸት እኔ በአፌ ልደግመው አልችልም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ወጣቱ ትከሻ ላይ ጥለው ነበር የሞቱት። እጃቸው ቀዝቅዟል። ወጣቱ ክንዱን ከሥራቸው አላወጣም።

«የተኙ መስሎኝ» ይላል። «'ልጄ ትመጣለች፤ እስክትመጣ ትንሽ ልረፍ' አሉኝ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ጋደም አሉ። እንዳይነቁብኝ ብዬ ክንዴን እንኳ አላንቀሳቀስኩም። እኔ የተኙ መስሎኝ!»

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ልጅቷን አቅፈው «ልጄ፣ አብረሽው አልነበርሽም?» ብለው ጠየቋት።

«ልመጣ ነበር» አለች እያለቀሰች። ወደ ሰውየው አመለከተች። «እሳቸው ተኝተው ነበር። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። የወቀሰው አልነበረም። «ምን ያድርግ፣ የተኛ ሰው» አለ አንዱ። ሰውየው ቆሟል። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ ተኝቼ ነበር ማለቱ ነው።

አስከሬኑ ሲወርድ የልጅቷን ሻንጣ ተሸከመላት። መኪናው ላይ ጫነላት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካዎት» አለችው። ሰውየው ምርቃቱን ሲሰማ የአየር ማረፊያው በር ላይ ካለው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ወደዚያ ከተማ የመጣበትን ሥራ አልሠራም። እህል በአፉ አልዞር አለው። ያረፈበት ቤት ባለቤት የሆነውን ሲሰማ «ልባቸው ነው የቆመው አሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ብትሆንም አታድናቸውም ነበር፤ አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ አጽናናው። ሰውየው ግን አልተጽናናም። ላድናቸው ብላ መቼ ጠየቀችኝ፣ የጠየቀችኝ እንዳሳልፋት ነው እያለ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ እያጠያየቀ ልቅሶው ቤት ሄደ። ድንኳን ተተክሏል። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ከዘመዶቿ መካከል ተቀምጣለች። ስታየው ብድግ ብላ ተቀበለችው፤ «ሻንጣዬን የተሸከሙልኝ ሰው ናቸው» ብላም ለዘመዶቿ ነገረች። እነሱም ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ያን የተለቀቀለትን ቦታ ሲያይ ጊዜ መቀመጥ አቃተው።

«ለብቻሽ የምነግርሽ ነገር አለ» አላት። ከድንኳኑ ኋላ ወጡ።

«ነቅቼ ነበር» አለ። «ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ። እጅጌዬን ስትነኪኝም ነቅቼ ነበር። አልተኛሁም።»

ትሰድበኛለች ብሎ ጠብቋል። ዘመዶቿን ጠርታ ታስደበድበኛለች ብሎም ጠብቋል። እሷ ግን መሬት መሬት አየች።

«አውቃለሁ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«የዐይንህ ቆብ ይርገበገብ ነበር። ምራቅህን ስትውጥም አይቻለሁ።» እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የምትለው።

ሰውየው የድንኳኑን ገመድ ያዘ። «ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተኝተው ነበር ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ምን ልበላቸው?» አለች። «ነቅቶ ነበር ብላቸው፣ ታዲያ አንቺ ለምን ዝም አልሽ አይሉኝም? በላይህ ተረማምጄ ማለፍ እችል ነበር እኮ! አስተናጋጇን መጥራት እችል ነበር። መጮህ እችል ነበር። እኔ ግን የያዝከውን ውሸት እንዳላጋልጥብህ ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አባቴ መንገድ መንገዱን እያየ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ላንተ አፈርኩልህ።»

ሰውየው ተንበረከከ። «ይቅር በዪኝ» አለ።

«መጀመሪያ ለራሴ ይቅርታ ላግኝ» አለችው። «ካገኘሁ ያን ጊዜ አስብሃለሁ። አሁን ሂድልኝ።»

ሄደ። ይቅርታዋ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

መምሬ ላቀው ይህን ተናግረው ወደ ታከለ ዞሩ።

«ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። ወንበሩ የሰውየው ነበር፤ መሬቱም ያንተ ነው። ዳኛው የፈረደው ልክ ነው። ሰውየውን የጎዳው የወንበሩ ባለቤት መሆኑ አይደለም። ሲጠሩት ሰምቶ እንዳልሰማ መሆኑ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ወይዘሮ አንቺናሉ አንተን ጠርተውህ ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ደጄ መጥተው ነበር» አለ ታከለ። «ባላቸው የአልጋ ቁራኛ ነው። በሽታው ሲብስበት በቃሬዛ የማወጣበት ሌላ መንገድ የለኝም ሊሉኝ ነው የመጡት።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ቤት የለም በሏቸው አልኩ» አለ ታከለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እንግዲያው ሰውየውን ታውቀዋለህ» አሉ መምሬ። «ሴትዮዋ ከእንግዲህ አይመጡብህም። ጨዋ ናቸው፤ ቤት እንደነበርክም ሳያውቁ አይቀሩም። አጥርህን አያንኳኩም፤ በሽተኛቸውን ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ አንተም ምንም ስለማትሰማ ሰላም የሆነ ይመስልሃል። አንድ ቀን ማለዳ ስትወጣ ከቆርቆሮው ማዶ ድንኳን ተተክሎ ታያለህ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ 'ምን ያድርግ፣ መሬቱ የራሱ ነው' ይልሃል፤ አንተም ራስህን ትነቀንቃለህ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳለ ዐይኑን ለመግለጥ ጊዜ ነበረው። አንተም ዛሬ ጊዜ አለህ። በል ተነሥና ሂድ፤ ደጃቸውን አንተው አንኳኳ።»