ወፍ ሊያይ የሄደው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ሁሉ አመድ ባስመሰለበት ሰሞን፣ አያ ጅቦ ቤት የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ልጆቹ በረሃብ ሲያላዝኑ ቀበሮ ብቅ አለና፣ «አያ ጅቦ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዳክዬዎች ሐይቁን ሞልተውታል። ነገ በማለዳ ሄደን ብናያቸውስ?» አለው።

እንግዲህ በጅብ ቤት «ማየት» ብቻውን ሄዶ አያውቅም። «ቅመሰውና እየው»፣ «ጋጠውና እየው» ነው የሚባለው። ስለዚህ አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እናያቸዋለን እንጂ! አንድም ሳላይ አልመለስ!» አለ። ወዲያው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «እመት ጅቢት፣ የነገ እራት ዳክዬ ነው። ልጆቹን ምንም እንዳታበያቸው፣ ሆዳቸው ቦታ ይያዝ» አላት።

«ምን ኖሮኝ ላበላቸው?» አለች።

በማግስቱ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የሐይቁ ዳር ስስ በረዶ ጋግሯል። ቀበሮ፣ «አንተ ትልቅ ነህ፣ በነፋሱ በኩል ተቀመጥ፤ ከዚያ አጥርተህ ታያለህ» አለውና እሱ ከጀርባው ቄጠማ ውስጥ ተሸጎጠ። አያ ጅቦ፣ ሞኙ፣ የክብር ቦታ የተሰጠው መስሎት ደረቱን ነፋ።

ዳክዬዎቹ ፊት ለፊቱ ሲንሳፈፉ ዋሉ። በመጨረሻ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «መቼ ነው የምናያቸው?» አለ።

«እያየናቸው አይደል እንዴ?»

«እሱንማ አየሁ! ማለቴ... የምናያቸው!»

«ኧረ ቀስ በል! ይልቅ የዚያን አንገት ተመልከት፣ አረንጓዴው ሲያበራ!»

«እኔ የማየው ጭኑን ነው» አለ አያ ጅቦ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሆዱ አላስቀምጥ አለው። ዘሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። በረዶው ተሰበረና እስከ አንገቱ ሰጠመ። ዳክዬዎቹ ተንጫጭተው ሲነሡ በቀበሮ አናት ላይ አለፉ፤ ቀበሮም ብድግ ብሎ አንዷን ድንቡሽቡሽ ከአየር ላይ ለቀም አደረጋት። በእግሩ ረግጦ ይዟትም፣ «እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ፤ ከጠዋት ጀምሮ መቼ ይዘል ይሆን እያልኩ ነበር» አለና አንጠልጥሏት ሄደ።

አያ ጅቦ እየተንዘፈዘፈ ወደ ቤቱ አዘገመ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እያሉ በአጎቴ ይስቃሉ» አለ ለራሱ። «እሱ እንኳ የሚበላ ነገር ነው የጠየቀው! እኔ ለነፋሱ ግድግዳ፣ ለቀበሮው ወፍ አባራሪ ሆኜ ዋልኩ። አቤት ጅብነቴ!» በራሱ ሳቀ፤ ጥርሱ ስለሚንገጫገጭ ግን ሳቁ ከልቅሶ አይለይም ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ በር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁታል።

«የታለ ዳክዬው?» አለች እመት ጅቢት።

«አየነው።»

«እኮ ምን አድርጋችሁ አያችሁት?»

አያ ጅቦ አፈረ። «እንዲሁ... አየነው።»

ሚስቱ ከጢሙ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ «ኑ ልጆቼ፣ እራት ቀርቧል» አለች። «ተሰብሰቡና አባታችሁን እዩት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ነገርን በጆሮው ሳይሆን በሆዱ የሚሰማ ሰው ለሌላው እራት ሲደክም ውሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው።