«ትነሣለች» ያሉት አባ

ተረት ተረት!

የጆሮ እራት!

በድሮ ዘመን፣ ወንጌል ለአገሩ ገና እንግዳ በነበረበት ጊዜ፣ አንለይ የሚባል ሰው ነበረ። እናንዬ የምትባል ልጅ ነበረችው። ገና ድክ ድክ ማለቷ ነበር። ትኩሳት ያዛትና ሞተች። ከወንዙ ዳር፣ ከዋርካው ሥር ቀበሯት።

በዚያው ሰሞን አባ ጢሞኖስ የሚባሉ ሰባኪ ከባሕር ማዶ መጡ። እግራቸው አያርፍም። ዛሬ እዚህ ይሰብኩና ነገ ሌላ አገር ናቸው። ቋንቋውንም የለቃቀሙት በየመንገዱ ነው። አንለይ ከመቃብሩ አጠገብ «ልጄ ሞተችብኝ» እያለ ሲያለቅስ አዩትና፣ በትራቸውን እንደያዙ፣ ሳይቀመጡ፦

«አይዞህ ልጄ፣ ትነሣለች» አሉት። ከዚያም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንለይ ምን ይወቅ? እሱ የሚያውቀው የተኛ ሰው ሲነጋ እንደሚነሣ ነው። ሲገላበጥ አደረና ጎህ ሲቀድ ወተት በቅል ይዞ ወደ መቃብሩ ወረደ። ጠበቀ። አልተነሣችም። በማግሥቱም ወረደ። ዝናብ ሲጥል «ይበርዳታል» ብሎ ኩታውን አውልቆ መቃብሩን አለበሰው። እርሻውን ዳዋ ዋጠው። እሱም ቁጭ ይልና ወዲያው ብድግ ይላል፤ ይሄድና ሮጦ ይመለሳል።

ጎረቤቱ ደምሌ፦ «አንተ አንለይ፣ ወተቱን ለእኔ ብታመጣልኝ ከመቃብርም ቢሆን ዘልዬ እነሣልህ ነበር!» ብሎ ሳቀበት።

ሚስቱ የሺ ግን አልሳቀችም።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔም እኮ ወልጃታለሁ» አለችው። «እሷን ስትጠብቅ እኔን ልታጣኝ ነው። ወይ ቤትህ ግባ፣ ወይ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ።»

አንለይ ሰባኪውን ፍለጋ ወጣ። በየደረሰበት «ትናንት ሄዱ» ይሉታል። በመጨረሻም አንድ ገበያ ላይ ሲሰብኩ አገኛቸው። ሕዝቡን ጥሶ ገባና ቀሚሳቸውን ጨምድዶ ያዘ።

«አባ፣ ትነሣለች ብለውኝ አልነበረም? መቼ ነው?»

«በመጨረሻው ቀን ነው፣ ልጄ።»

«እሱስ መቼ ነው?»

አባ በትራቸውን ተደገፉ።

«አላውቅም» አሉ።

«ታዲያ ወተቱ በእጄ ላይ ሲረጋ እርስዎ የት ነበሩ?»

አባ ቃሉን ቆመው ወርውረውለት ማለፋቸው ያን ጊዜ ታወቃቸው። ስብከታቸውን አቋረጡና ተከተሉት። ዋርካው ሥር ሲደርሱ በትራቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀኑን አላውቀውም» አሉት። «ግን እኔ እጠብቃታለሁ። አንተ ወደ ሚስትህ ሂድ። ተራው የእኔ ነው።»

አንለይ ጥቂት ይሄድና ዞሮ ያያል። ደግሞ ይሄድና ያያል። አባ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያም ቤቱ ገባ። የታለበውን ወተት ከየሺ ጋር ተካፍለው ጠጡት። እንቅልፍም ወሰደው።

ከሌላ አገር «ይምጡና ይስበኩልን» እያሉ ይልኩባቸው ነበር። አባም፦ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ይላሉ። እዚያው አርጅተው ሞቱና ከትንሿ መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ሙት አላስነሡም። ሰዉ ግን ቅዱስ ናቸው አለ።

ዛሬም በዚያ አገር ልቅሶ የሚደርስ ሰው ቆሞ «እግዜር ያጽናህ» አይልም። መጀመሪያ ከሐዘንተኛው ጎን መሬት ላይ ቁጭ ይላል። የሚለው ቢጠፋውም ቁጭ ይላል።

ተረቱ ለእናንተ፣ ቆሎው ለእኔ። በሉ፣ አፌ ሳይደርቅ ወዲህ አምጡት!