ጉርሻ የበዛባት ኤሊ

ተረት ተረት፣ የኤሊ ቤት።

አንዲት ኤሊ በተማሪዎች ክፍል፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ ትኖር ነበር። ልጆቹ ስለሚወዷት ምሳ ሲበሉ እንጀራ በወጥ ያጎርሷታል። እሷ ግን እንጀራ ስለማትበላ ጉርሻው ሳፋው ውስጥ እየወደቀ ውሃው ቀላ፣ ሸተተ፤ ኤሊም ጾሟን ውላ አንገቷን ድንጋይዋ ውስጥ ቀበረች።

የመስኮቱ እንሽላሊት «እትዬ ኤሊ፣ እምቢ አይሉም?» አላት።

«በፍቅር የመጣ ጉርሻ እምቢ ይባላል እንዴ፣ ልጄ?»

ችኩሉ እንሽላሊት ከምሳ ዕቃ የወደቀ የሰላጣ ቅጠል ጎትቶ ሳፋው ውስጥ ጣለላት። ኤሊ አንገቷን አውጥታ ስትበላ ሜላት የምትባል ተማሪ አየቻት።

«ለካ የምትወደው ቅጠል ነው!»

ልጆቹ ሳፋውን አጥበው ንጹሕ ውሃ ሞሉ፤ መውጫ ድንጋይ አስገብተው ፀሐይ ላይ አኖሩላት።

«ምስጋናዎን ላድርስልዎት?» አለ እንሽላሊት።

«ተወው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብላ ድንጋዩ ላይ ወጣችና አንገቷን ዘረጋች።

እስከዚያ ቀን ኤሊን እንደ ተደፋ ሳህን ይስሏት የነበሩ ልጆች በሥዕላቸው ላይ አንገትና ሁለት ዓይን ጨመሩላት።

ተረቴን መልሱ፣ ቅጠሏን አትርሱ።