ትርንጎ ዶማዋን ያጋደመችለት ሰው

ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ተረት ሁሉ ዝም ብሎ ይወረውራል እንጂ፣ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ተረት ደግሞ እንደ እንጉዳይ ዝም ብሎ አይበቅልም፤ የሆነ ቦታ አንዱ ተጎድቶበታል። ይህ አሁን የማወራላችሁ በአንዲት ትርንጎ በምትባል ሴት የተነሳ ነው ይባላል። አይደለም የሚል ካለ የራሱን ያውራ፤ እኔ የሰማሁት ይህንን ነው።

ወይንዬ የሚባል ወንዝ ዳር ያለ አገር ነው። የዚያ አገር ሰው ወንዙን በቦይ እየጠለፈ በበጋ ነጭ ሽንኩርት ያለማል። ቦዩ የሚነሳበት ወገን ራስጌ፣ የሚያልቅበት ወገን ግርጌ ይባላል። የራስጌ ሰው ውሃውን ደጁ ላይ ያገኘዋል። የግርጌ ሰው ግን የላዩ አጠጥቶ፣ ከብቱን አርክቶ፣ አንዳንዴም ቦዩን መዝጋት ረስቶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ቆይቶ የተረፈችውን ነው የሚጠብቅ። ለዚህ ነው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የውሃ አባት የሚመረጠው። ውሃው መቼና ለማን እንደሚለቀቅ የሚያዘው እሱ ነው፤ እሱ ካዘዘ ወዲያ ይግባኝ የለም።

አመራረጡ ቀላል ነው። እጩዎቹ ሾላው ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቦይ የሚጠርግ ቤት ሁሉ፣ አባወራም ይሁን እማወራ፣ ዶማውን ይዞ መጥቶ በሚፈልገው ሰው ፊት ያጋድማል። ዶማ የበዛለት የውሃ አባት ይሆናል።

አሰገደችና ትርንጎ ሁለቱም የግርጌ ሰዎች ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ባልንጀሮች ናቸው፤ ማሳቸውም ድንበርተኛ ነው። ብዙ ዘመን የውሃ አባት ሆኖ የኖረው የራስጌው ደምመላሽ፣ «ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈስ፤ ፈጣሪ የሠራውን እኔ አላፈርስም» እያለ ግርጌን ሲያስጠማ ኖሯል። አምና ጭራሽ የሁለቱም ሴቶች ሽንኩርት አፈር ውስጥ እንዳለ ቀረ። ትርንጎማ ትንሿን ልጇን የምታበላት አጥታ እህቷ ዘንድ ሰደደቻት። ዘንድሮ ግን ጥሩነህ የሚባል የግርጌ ሰው «አንድ ሳምንት ከላይ፣ አንድ ሳምንት ከታች እንጀምር» ብሎ ተነሣ። አሰገደች ይህን ሰምታ፣ ያላትን የዘር ሽንኩርት አንድም ሳታስቀር ተከለች። የዘንድሮው ከደረቀ ለከርሞ የምትተክለው የላትም ማለት ነው።

በምርጫው ዋዜማ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ያርማሉ።

«ነገ ዶማሽ ለጥሩነህ ነው መቼም» አለች አሰገደች፣ ለወጉ ያህል።

«ለጥሩነህ? ምን በወጣኝ! ለአያ ደምመላሽ ነው እንጂ።»

አሰገደች ቀልድ መስሏት ሳቀች። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

«አንቺ፣ አምና ሽንኩርትሽን ያደረቀብሽ ማን ሆነና ነው?»

«ፀሐይ ናታ!»

«ውሃውን የከለከለሽስ?»

«እሱ መቼ ከለከለኝ? አልደረሰም እንጂ።»

አሰገደች ከጎነበሰችበት ቀና አለች። ባልንጀራዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ያው ትርንጎ ናት፤ ምንም አልሆነችም።

«ኧረ ስሚኝ እህቴ» አለች ትርንጎ አረሟን እየነቀለች። «ባሌ የሞተ ጊዜ አያ ደምመላሽ እኮ ከበቅሎው ወርዶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ‹አይዞሽ ትርንጎ› ብሎኛል። በስሜ ነው የጠራኝ። እንደሱ ያለ ትልቅ ሰው!»

«ጥሩነህስ አልመጣም ነበር?»

«መጣ። መቃብሩን ሲቆፍር ውሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሄደ። እሱ ደግሞ ምን ወግ ያውቃል?»

መልሱ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአሰገደች ይቀላት ነበር፤ አሥር መልስ አፏ ላይ ተጋፍቶ አንዱም አልወጣ አለ።

«ደግሞ» አለች ትርንጎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥሩነህ ከተመረጠ ውሃው ግርጌ ድረስ ይወርዳል።»

«ይውረድ እንጂ! እኛስ ግርጌ አይደለን?»

«ያቺ ዘርፌስ ግርጌ አይደለችም? ዶሮዬን በድንጋይ የገደለች ሴት ማሳዋ ሲረሰርስ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ያንቺም እኮ አብሮ ይረሰርሳል!»

«እኔማ ለምጄዋለሁ» አለች ትርንጎ፣ ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ሰው። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ሌላ ነገር ትዝ አላት። «በዚያ ላይ ማን ያውቃል? ልጄን ራስጌ እድራት ይሆናል። ያን ጊዜ ‹ራስጌ ይቅደም› የሚለው ሕግ ለእኔም ይሆነኛል።»

«ልጅሽ እኮ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነው!»

«ታድግ የለም እንዴ!»

አሰገደች አረም ይሁን ሽንኩርት ሳትለይ ነቀለች። ምናልባት የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን? ብላ ራሷን ጠረጠረች። ከዚያ ስለ ዘሯ አሰበች። «ትርንጎዬ፣ እኔ ዘሬን ሙልጭ አድርጌ ተክያለሁ። ይሄ ከደረቀብኝ አለቀልኝ» አለቻት የነቀለችውን በእጇ እንደያዘች።

ትርንጎ ደነገጠች፤ መጥታም አንገቷን አቀፈቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ በገባን። «አይዞሽ፣ ከደረቀብሽ ከእኔ ትወስጃለሽ» አለቻት ከልቧ።

«ያንቺም እኮ ይደርቃል!»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ትርንጎ፤ ተመልሳም ማረሟን ቀጠለች።

በማግስቱ አገሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ራስጌ ለደምመላሽ፣ ግርጌ ለጥሩነህ ዶማውን አጋደመ። ከራስጌና ከግርጌ መሃል ያለው መካከለኛም ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ አለ። ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ። ዘርፌ ሳትቀር ዶማዋን ለጥሩነህ አስቀምጣለች። ያልመጣች ትርንጎ ብቻ ነበረች።

የዘገየችው በዳቦው ምክንያት ነው። በዚያ አገር ምርጫው እንዳለቀ የቦይ ዳቦ ይቆረሳል። ዳቦውን አንድ ቤት በተራ ይጋግራል፤ የዚያን ዓመት ተራ ደግሞ የትርንጎ ነበር። በቤቷ የቀረችውን ስንዴ አስፈጭታ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳ፣ በኮባ ጠቅልላ ስትጋግር ነው ያረፈደችው። ዳቦውን በጀርባዋ አዝላ፣ ዶማዋን በእጇ ይዛ ስትመጣ ሽታው ቀድሟት ደረሰ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

አሰገደች ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት። «ስለ ልጅሽ ብለሽ» አለቻት።

ትርንጎ ፈገግ አለችላት። ዳቦውን አወረደች፤ ዶማዋንም ወስዳ ደምመላሽ እግር ሥር አጋደመች። ራስጌ በእልልታ አገሩን አናወጠው። ከሁሉ ረዝሞ የተሰማው ግን የትርንጎ እልልታ ነበር። አሰገደች ዓይኗን ማመን አቃታት፤ ጆሮዋንማ ከትናንት ጀምሮ አላመነችውም።

ከዚያ ዳቦው ቀረበ። ቆራሹ አዲሱ የውሃ አባት ነው፤ የዓመቱ ውሃ የሚሄድበትን ተራ የሚያሳየውም በአቆራረሱ ነው። ደምመላሽ ቢላዋውን ተቀብሎ ዙሪያውን ያለውን ቅርፊት ገፈፈና ወደ ዳር አደረገው። መሃሉን፣ ገና እንፋሎት የሚወጣውን፣ ለራስጌ ሰዎች አንድ በአንድ አደለ። «ዳቦው ጣፈጠ!» እያለም ራሱ ደገመ። መካከለኞቹ የተረፈውን ወሰዱ። ግርጌ ሲደርስ ቅርፊቱ መጣ፤ እሱም ዘርፌ ጋ ደርሶ አለቀ። ደምመላሽ እጁን አራግፎ «ውሃውም እንዲሁ ነው» አለና ተቀመጠ።

ትርንጎ ለተሰበሰበው ሰው ጠላ ስትቀዳ ቆይታ መጨረሻ ላይ ወደ ዳቦው ሄደች። የቀረው ኮባው ነበር። ያንኑ አንስታ ይዛው መጣች።

«አሁንስ ታየሽ?» አለቻት አሰገደች።

«ምኑ?»

«ዳቦው ነዋ! ጋግረሽ፣ አዝለሽ፣ ቢላዋውን አስይዘሽው!»

ትርንጎ ኮባው ላይ ተጣብቆ የቀረውን ፍርፋሪ በጥፍሯ ላጥ አድርጋ ቀመሰች። «እሱስ ምን ያድርግ?» አለች። «ሰው በዛበት እኮ። ደግሞ ጣፈጠ ሲል አልሰማሽውም?»

አሰገደች መሬት ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። መሳቅም ማልቀስም እኩል መጣባት። አፈር ውስጥ ያለው ዘሯ ታያት፤ አጠገቧ ደግሞ ኮባ ይዛ የቆመች፣ የምትወዳት ባልንጀራዋ አለች፤ ማንን እንደምትረግም እንኳ ጠፋባት። አጠገባቸው ስንት የውሃ አባት ሲሾምና ሲሻር ያዩት ሽማግሌው አባ ይመኑ ተቀምጠው ነበርና ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባ ይመኑ፣ እርስዎ ያስረዱኝ። እኔ በፍጹም አልገባኝም።»

አባ ይመኑ ትርንጎን አዩ፤ ኮባውን አዩ፤ ጢሙን እየጠረገ ፈጣሪን የሚያመሰግነውን ደምመላሽንም አዩ።

«እኔም አልገባኝ ልጄ» አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና ኮባውን ከትርንጎ እጅ ወስደው፣ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ እስኪያየው ድረስ ከፍ አደረጉት፤ «ባለቤቷ ካላለችው እንግዲህ እኔ ልበልላት» አሉ፤ «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!»